ከእንጅባራ የሚነሳ የምርምር ሙያ፦ ለጀማሪ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር

በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ወይም በአቅራቢያው ባለ ተቋም ኮምፒውተር ሳይንስ ለማስተማር የተቀጠረ ወጣት ሌክቸረር የመጀመሪያው ዓመት ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ኮርሱ ይበዛል። መብራትና ኔትወርክ በፈለጉ ሰዓት ይሄዳሉ። በየስብሰባው ደግሞ "የታተመ ሥራ የታለ?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ዩኒቨርሲቲው በአራተኛው ትውልድ ከተከፈቱት አንዱ በመሆኑ፣ በየቢሮው ቁጭ ብሎ ልምዱን የሚያካፍል በዘርፉ የሸመገለ ፕሮፌሰር እንደ አዲስ አበባ አይገኝም። ስለዚህ ሌላ ቦታ በቡና ሰዓት የሚነገረውን የሙያውን አካሄድ እዚህ በተራ እናስቀምጠዋለን። ዳንግላ ወይም ቻግኒ ሆነው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለሚያስተምሩም አብዛኛው ይሠራል።

1. ከሞዴል በፊት መረጃ

ጀማሪ ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከሞዴል ነው። በቅርቡ የሰማውን የማሽን ትምህርት ዘዴ ይይዝና የሚሞክርበት ነገር ይፈልጋል። ይህ አካሄድ እንጅባራ ላይ አያዋጣም። አዳዲስ ሞዴሎች የሚወጡት እጅግ ውድ የሆኑ ኮምፒውተሮች በብዛት ከተደረደሩበት ቦታ ነው፤ ዛሬ የያዙት ሞዴል ጽሑፍዎ ታትሞ እስኪወጣ አርጅቶ ይቆያል። ቶሎ የማያረጀው በጥንቃቄ የተሰበሰበ መረጃ ነው፤ እሱን ለመሰብሰብ ደግሞ ከካሊፎርኒያ ሰው ይልቅ እርስዎ ቅርብ ነዎት።

የአገራችን ተመራማሪዎች የሄዱበት መንገድ ይህንኑ ያሳያል። ዶ/ር ሰለሞን ተፈራ አባተ በጀርመን ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከባልደረቦቻቸው ጋር የአማርኛ የንግግር ኮርፐስ አቀረቡ። ኮርፐስ የሚባለው ለጥናት ተመርጦና ተደራጅቶ የተቀመጠ የድምፅ ወይም የጽሑፍ ክምችት ነው። የእሳቸው 20 ሰዓት ያህል ንባብ የያዘ ሲሆን፣ ለማሠልጠኛው ክፍል ብቻ 100 ሰዎች አንብበዋል። ያኔ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ የተጠቀሙበት ስታቲስቲካዊ ዘዴ ዛሬ በሌላ ተተክቷል፤ ኮርፐሱ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ እሳቸውና ዶ/ር ማርታ ይፍሩ ታቸበሌ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የኦሮምኛና የወላይትኛ የንግግር ኮርፐሶችን ይዘው ወጡ። በእነዚያ አሥራ አምስት ዓመታት ጥያቄው ሰፋ እንጂ አልተቀየረም። ለምርምር ሙያ ከዚህ የተሻለ ንድፍ አላውቅም።

ሁለተኛው ምሳሌ የዋልታ ዜናዎች ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 1,065 ዜናዎች፣ ወደ 210,000 የሚጠጉ ቃላት፣ እያንዳንዱ ቃል ስም ይሁን ግሥ ወይም ቅጽል በሰው እጅ ተለይቶ ቀረበ። ከዚያ በኋላ የአማርኛን የቃል ክፍል በኮምፒውተር ለመለየት የሞከረ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደዚህ ስብስብ ሄዷል። ሌላም ትምህርት አለው፤ ተከታዮቹ ተመራማሪዎች አንዱ ቃል አንድ ቦታ እንዲህ፣ ሌላ ቦታ እንዲያ ተለይቶ ስላገኙት ማጽዳት ግድ ሆኖባቸዋል። የመለያ መመሪያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ከእንጅባራ ብዙም አይርቅም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ዶ/ር ብርሃኑ በላይ የታተመ አማርኛን ከምስል ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ ያዘጋጁት ስብስብ 337,337 የመስመር ምስሎች አሉት። ከእነዚህ በእርግጥ ታትመው ስካን የተደረጉት 40,929 ናቸው፤ የቀሩት 296,408 በኮምፒውተር የተፈጠሩ ናቸው። በእጅ መሰብሰብ በማይቻልበት ቦታ በሰው ሠራሽ መረጃ መሙላት ይፈቀዳል፤ ሁለቱ ተለይተው መቆጠርና ለየብቻ መፈተሽ አለባቸው እንጂ።

2. አዊ ውስጥ ምን አለ?

ብዙ አለ፤ እኔ ሁለት ብቻ ላንሳ።

የመጀመሪያው አውጚ ነው፤ በአማርኛ አገውኛ ወይም አዊኛ የምንለው። በአዊ ዞን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይማሩበታል፤ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። የቋንቋ ሊቃውንት ከቆየ ጊዜ ጀምሮ አጥንተውታል፤ የሮበርት ሄትስሮን የደቡብ አገው ግሥ ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በኮምፒውተር በኩል ግን ከላይ በጠቀስኳቸው አራት የንግግር ኮርፐሶች ውስጥ የለም። ሜታ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሁለት መቶ ቋንቋዎችን በሚተረጉመው ሞዴል አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ሲካተቱ አውጚ አልተካተተም። ለአንድ ወጣት ተመራማሪ ይህ ክፍት ቦታ ነው።

አንድ ቴክኒካዊ ማስጠንቀቂያ። የአውጚ አጻጻፍ የጘ ቤት ፊደሎችን ይጠቀማል፤ በቋንቋው ስም ውስጥ እንኳ ጚ አለች። እነዚህ ፊደሎች የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ከገባበት ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ችግሩ ያለው ለአማርኛ በተጻፉ የጽሑፍ ማጽጃ ፕሮግራሞች ላይ ነው። አንዳንዶቹ የአማርኛን ፊደል ብቻ ዘርዝረው የቀረውን እንደ ቆሻሻ ይጥላሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠን ወደ አንድ የሚያጠቃልለው ልማድም ለአማርኛ የተበጀ ነው። ከሌላ ሰው የወሰዱትን ማጽጃ አውጚ ላይ ከማሠራትዎ በፊት፣ ከማጽዳቱ በፊትና በኋላ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚቆጥር አጭር ፕሮግራም ጽፈው ያወዳድሩ። ሥራው ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድም፤ ካልተሠራ ግን ስሕተቱ የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ በሚቀጥለው ሣሩን ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ያከስለዋል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ የብዙ ቤተሰብ ገቢ ተናግቷል። የት የት ደረቀ? ገበሬው ምን ተካበት? ተመልሶ ወደ ጤፍና ድንች ሄደ ወይስ ባሕር ዛፍ ተከለ? ይህን ከሳተላይት ምስል ማንበብ የኮምፒውተር ሳይንስ ሥራ ነው። ምስሉ በነጻ ይገኛል፤ የላንድሳት ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ 10 ሜትርን እንደ አንድ ነጥብ የሚያሳየው ሴንቲኔል ሁለት ደግሞ ከ2015 ጀምሮ አለ። የጎደለው በእግር ሄዶ "ይህ ማሳ ዲከረንስ ነው፣ ይህ ባሕር ዛፍ ነው" ብሎ የሚመዘግብ ሰው ነው።

3. አሰባሰቡ

መረጃ አሰባሰብ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ሙያው የሚበላሸውም የሚለማውም እዚህ ነውና።

ሀ. ድምፅ። ከቋንቋ ትምህርት ክፍል ባልደረባ ሳይዙ አይጀምሩ። የሚነበቡትን ዓረፍተ ነገሮች መርጦ፣ አጻጻፋቸውን አርሞ የሚያስረክብ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም በጽሑፉ ላይ ስሙ ይገባል። የተነበበ ንግግር ይቀላል፤ ምክንያቱም ጽሑፉ አስቀድሞ እጅዎ ላይ አለ። ነፃ ወግ ቀድቶ በኋላ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ከቀረጻው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ሆኖም ማንበብ የሚችሉትን ብቻ ከቀረጹ ስብስብዎ የተማሪዎችና የመምህራን ድምፅ ብቻ ይሆናል። እናቶችና አዛውንቶች እንዲገቡ፣ ረዳትዎ ዓረፍተ ነገሩን እያነበበላቸው ተከትለው እንዲሉት ማድረግ ወይም ሥዕል አሳይቶ እንዲናገሩ መጠየቅ ይቻላል።

መሣሪያው ተራ ስልክ ሊሆን ይችላል። ያልታመቀ የዌቭ ፋይል የሚቀዳ መተግበሪያ ይጫኑ፤ 16 ኪሎ ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ አንድ ቻናል ላይ ያስተካክሉት። ድምፅ "የሚያጠራ" አማራጭ ካለው ያጥፉት። ስልኩን ከአንባቢው አፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ያኑሩት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሹ ይገባል። በዚህ መጠን አንድ ሰዓት ቅጂ 115 ሜጋ ባይት ገደማ ይወጣዋል፤ 20 ሰዓት በአንዲት አነስተኛ ፍላሽ ላይ ያድራል። "ማስቀመጫ የለንም" የሚለው ምክንያት ስለዚህ አይሠራም።

ቦታ ሲመርጡ ጣሪያውን ይዩ። የአዊ ክረምት በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የቢሮ ቀረጻ ሁሉ ይበላሻል። ሣር ክዳን ቤት ከቆርቆሮም ከባዶ የሲሚንቶ ክፍልም ይሻላል፤ ድምፁም አያስተጋባም። የገበያ ቀን ዋናው መንገድ ዳር አይቅረጹ። የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ ቀድተው እዚያው በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ፤ ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ መልሶ መጥራት ነውርም ወጪም ነው።

የእያንዳንዱን ሰው ስም በፋይሉ ላይ አይጻፉ። ኮድ ይስጡ፤ ከኮዱ ጋር ጾታ፣ የዕድሜ ክልል፣ ያደገበት ወረዳ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ የቀረጻው ቀንና ቦታ፣ የስልኩ ዓይነት በአንድ ሠንጠረዥ ይግባ። ስምና ኮድን የሚያገናኘው ዝርዝር ተለይቶ ይቀመጥ።

ለ. ማሳ። የዲከረንስን ማሳ ዳር በስልክ ጂፒኤስ ዞሮ መመዝገብ የተለመደ ነው። ነገር ግን የስልክ ጂፒኤስ ብዙ ሜትር ይሳሳታል፤ የሳተላይቱ ነጥብ 10 ሜትር ነው፤ የአዊ ማሳ ደግሞ ጠባብ። ዳሩ ላይ ያሉት ነጥቦች ግማሹ ዛፍ ግማሹ ጤፍ ይሆናሉ። ስለዚህ ከማሳው መሐል፣ ከዳር ቢያንስ 15 ወይም 20 ሜትር ገብተው ነጥብ ይያዙ፤ ይህን የማይችል ጠባብ ማሳ ለመፈተሻ እንጂ ለማሠልጠኛ አይጠቀሙበት። የዛፉን ዕድሜ ሲጠይቁ "ስንት ዓመቱ ነው?" ከማለት "ከሥሩ ጤፍ የተዘራው መቼ ነው?" ይበሉ። ገበሬው አዝመራውን ከዛፉ ይልቅ በትክክል ያስታውሳል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ምስሉን ይሸፍነዋል። ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ የበጋውን ምስል ብቻ መጠቀም፣ ወይ ደመና የማያግደውን የሴንቲኔል አንድ የራዳር ምስል ማከል። ሁለተኛው ትንሽ ይከብዳል፤ በጋ ብቻ የያዘ ሰው ግን ጤፍና ሣር የሚለዩበትን ወቅት አጥቷል።

ሐ. ፈቃድ። ገጠር ሲወጡ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ይዘው መጀመሪያ ቀበሌ ይግቡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ድምፁ ለምን እንደሚውል፣ ማን እንደሚያገኘው፣ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር ማንን እንደሚጠይቅ በሚገባው ቋንቋ ያስረዱ። መፈረም የማይችል ፈቃዱን በድምፅ ይስጥ፤ እሱም ይቀዳ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሰውን ለይቶ የሚያሳውቅ መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ሊያነበው ይገባል። የጤና መረጃ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይያዝ አንድ ካርድ እንኳ አይገለጥም።

መ. ሰነድ። አዲስ አበባ የተወለዱት ዶ/ር ትምኒት ገብሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው፤ ማንኛውም የመረጃ ስብስብ የራሱ መግለጫ ሰነድ ይኑረው የሚል። ለምን ተሰበሰበ? ማን ሰበሰበው? ወጪውን ማን ቻለ? ማን ተካቷል፣ ማን ቀርቷል? ለምን ሥራ መዋል የለበትም? እነዚህን በሁለት ገጽ መልሰው ከስብስቡ ጋር ያስቀምጡ። ጽሑፉን ሲጽፉ ግማሹ "ዘዴ" የሚለው ክፍል ከዚሁ ይወጣል።

4. "99 በመቶ" ሲመጣ መጠርጠር

በአገራችን የማስተርስ ጽሑፎች ውስጥ የሰብል በሽታን ከቅጠል ፎቶ መለየት ተወዳጅ ርዕስ ነው፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ ከ95 በመቶ በላይ ነው። ይህን ቁጥር ደጋግሞ ያየ ገምጋሚ ቅንድቡን ያነሳል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ፕላንት ቪሌጅ የተባለውን የ54,306 የቅጠል ፎቶዎች ስብስብ ይዘው የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የ99.35 በመቶ ትክክለኛነት አገኙ። ያንኑ ሞዴል ከሌላ ቦታ በተገኙ፣ በሌላ ሁኔታ በተነሱ ፎቶዎች ሲፈትኑት ወደ 31 በመቶ ወረደ። ይህንንም ራሳቸው በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ነገሩን። ሐቀኝነታቸው ጽሑፉን አልጎዳውም፤ እንዲያውም በብዛት ከሚጠቀሱት ቁጥሮች አንዱ ይኸው ነው።

ስሕተቱ የሚገባው ብዙውን ጊዜ መረጃው ለማሠልጠኛና ለመፈተሻ ሲከፈል ነው። ፋይሎቹን እንዲሁ በዘፈቀደ በውዘው ከከፈሉ የአንዱ ሰው ድምፅ፣ የአንዱ ማሳ ነጥብ፣ የአንዱ ቅጠል ሁለት ፎቶ በሁለቱም በኩል ይገኛል። ሞዴሉ ሰውየውን አወቀ እንጂ ቋንቋውን አላወቀም። ድምፅን በተናጋሪ፣ ማሳን በቀበሌ፣ ፎቶን በእርሻና በቀን ይክፈሉ። ከባንጃ የሰበሰቡትን አሠልጥነው በዳንግላ ይፈትኑ። ቁጥሩ ይወርዳል፤ ይውረድ።

መለያ የሚሰጡት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ ከጠቅላላው የተወሰነውን ሁለቱም ሳይነጋገሩ ይሥሩት፤ የተስማሙበትን መጠን የኮኸን ካፓ በሚባለው መለኪያ አስልተው ያቅርቡ። ሁለት ባለሙያዎች የማይስማሙበትን ኮምፒውተር ይስማማበታል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ከተራቀቀው ሞዴልዎ ጎን ደግሞ ቀላሉን ያስቀምጡ። ቀላሉ ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ይህም ግኝት ነው።

5. ከማስተማር ጊዜ ምርምር ማውጣት

በሳምንት ያለብዎትን የክፍለ ጊዜ ብዛት መቀነስ ምናልባት በእጅዎ አይደለም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ መስጠት ግን በእጅዎ ነው። ተማሪዎች በየዓመቱ የሱቅ ማኔጅመንት፣ የሆስፒታል ካርድ ማኔጅመንት እያሉ ከቀዳሚዎቻቸው ወርሰው ይመጣሉ። በእሱ ፋንታ አንድ ትልቅ ሥራ በዓመታት ይከፋፍሉት። የዘንድሮዎቹ የቀረጻ መተግበሪያውን ይሥሩ፤ የሚቀጥሉት የጽሑፉን ማረሚያ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት የመጀመሪያውን ሞዴል። እያንዳንዱ ቡድን የሚያስረክበው ከሥራው ጋር የሚሠራበትን መመሪያም ነው፤ ይህ ካልሆነ ቀጣዩ ቡድን ከዜሮ ይነሳል።

የተማሪ ሥራ ወደ ታተመ ጽሑፍ ከገባ የተማሪው ስም ይገባል። የደራሲዎችን ቅደም ተከተል ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይስማሙ። ባልሠሩት ሥራ ላይ ስምን ማስገባት፣ በየጽሕፈት አገልግሎት ሱቁ የሚሸጠውን "ፕሮፖዛልና ቴሲስ እንሠራለን" የሚለውን አገልግሎት እያወቁ ማለፍ፣ ውሎ አድሮ በማዕረግ ኮሚቴ ፊት ይወጣል።

6. መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆም

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር አንባቢው አይረሳውም። ስለዚህ ሥራዎ ያለ ኢንተርኔት ለሳምንታት እንዲሄድ አድርገው ያደራጁ። የሚጠቅሷቸውን ጽሑፎች፣ የፕሮግራም ቋንቋውን ጥቅሎችና መመሪያቸውን፣ ቀድሞ የሠለጠኑ አነስተኛ ሞዴሎችን ባሕር ዳር በሄዱ ቁጥር አውርደው ይመለሱ። መረጃው በሦስት ቅጂ፣ ቢያንስ አንዱ በሌላ ከተማ ይኑር። ሥልጠና የሚያስኬደው ፕሮግራም በየተወሰነ ደቂቃ የደረሰበትን የሚያስቀምጥ ይሁን፤ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። በነጻ የሚገኘው የጉግል ኮላብ የኮምፒውተር ጊዜ ለጅምር ሥራ ይበቃል፤ እሱ ላይ ተመሥርቶ የማስረከቢያ ቀን ቃል መግባት ግን አይበጅም።

7. የት ይታተም?

ከመጻፍዎ በፊት የዩኒቨርሲቲዎን የሴኔት ሕግ ስለ ማዕረግ እድገት የሚለውን ክፍል ያንብቡ። በኮምፒውተር ሳይንስ ትልልቅ ሥራዎች በጉባኤ ላይ ይቀርባሉ፤ የማዕረግ ኮሚቴዎች ግን በአብዛኛው ጆርናል ይመዝናሉ። ከላይ የጠቀስኩት የአራቱ ቋንቋዎች ኮርፐስ የወጣው በጉባኤ ነው። ሥራዎን ለጉባኤ ከላኩ በኋላ አስፍተው ለጆርናል ማዘጋጀት ይቻላል፤ ኮሚቴው ሁለቱን እንዴት እንደሚቆጥር አስቀድመው በደብዳቤ ይጠይቁ፤ የቃል መልስ ሰብሳቢው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ገንዘብ ለቃሚ ጆርናሎች በኢሜይል ያቆላምጣሉ፤ "ክቡር ፕሮፌሰር" ብለው ሌክቸረሩን ይጠራሉ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ይቀበላሉ፤ ከምሕንድስና እስከ ሥነ መለኮት ሁሉን ያትማሉ። የአሜሪካው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል ሲያዘጋጀው የነበረው የእነዚህ አሳታሚዎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2017 ከድረ ገጽ ወርዷል፤ ስለዚህ ማጣራቱ የራስዎ ሥራ ነው። የአዘጋጅ ቦርዱ አባላት በእውነት በዚያ ተቋም አሉ? ከመካከላቸው አንዱን በጽሑፍ ቢጠይቁስ? ጆርናሉ ላይ የወጡትን ሦስት ጽሑፎች አንብበው እርስዎ ራስዎ ያልፋሉ ይላሉ? ከአገር ውስጥ ጆርናሎች ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ገምግሞ እውቅና የሰጣቸውን ይምረጡ።

ከገምጋሚ "እንደገና አስተካክል" የሚል ከመጣ ደስ ይበልዎት፤ ውድቅ አልሆነም። የገምጋሚውን እያንዳንዱን ነጥብ በሠንጠረዥ አስቀምጠው፣ ከጎኑ ምን እንዳደረጉና በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ ይጻፉ። የማይቀበሉትን ነጥብም ምክንያቱን በትሕትና ይግለጹ፤ ዝም ብሎ ማለፍ ገምጋሚውን ያስቆጣል።

ብቻዎን አይሥሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ማሳካኔ የአፍሪካ ቋንቋዎችን የሚሠሩ ሰዎች ያሉበት ስብስብ ነው፤ በ2021 ያወጣው የስም መለያ መረጃ ከአሥር ቋንቋዎች አማርኛን አካትቷል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚገባው ሥራ ይዞ ነው። አንድ ሺህ ዓረፍተ ነገር አርሞ ያስረከበ ሰው ከማንም ትውውቅ በላይ ይታወቃል።

8. ሦስተኛ ዲግሪ

ረዳት ፕሮፌሰርነት ላይ ቆሞ መቅረት ካልፈለጉ ሦስተኛ ዲግሪን ያስቡበት። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቢማሩ መረጃዎ ካለበት አይርቁም፤ ውጭ አገር ቢሄዱ የኮምፒውተር አቅም ያገኛሉ። የትም ቢሆን ለአማካሪ የሚጻፈው ደብዳቤ አጭር ይሁን፤ የእሱን አንድ ጽሑፍ አንብበው ያስተዋሉትን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ያለዎትን መረጃ በሁለት፣ የሚጠይቁትን በአንድ። ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ የላከ አንድም መልስ ላያገኝ ይችላል።

ጥያቄው ከአገር ቤት፣ መረጃው ወይም አቅሙ ከአጋር ሊመጣ እንደሚችል የዶ/ር ረድኤት አበበ ሥራ ያሳያል። አዲስ አበባ ተወልደው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ2019 የጨረሱት ምሁር፣ በዚያው ዓመት ከማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ጋር ባወጡት ጥናት በ54ቱም የአፍሪካ አገሮች ሰዎች ስለ ኤች አይ ቪ፣ ወባና ሳንባ ነቀርሳ በማይክሮሶፍት የመፈለጊያ ድረ ገጽ በቢንግ ምን እንደሚፈልጉ መርምረዋል። ያንን መረጃ ከኩባንያው ውጭ ሆኖ ማንም አያገኘውም። አጋር ሲፈልጉ እጁ ላይ ምን እንዳለ ይጠይቁ።

የትምህርት ፈቃድ ውል ከመፈረምዎ በፊት ግዴታውን ያንብቡ። ሲመለሱ ስንት ዓመት እንደሚያገለግሉ፣ ደመወዝ በምን ሁኔታ እንደሚቀጥል፣ ትምህርቱ ቢረዝም ምን እንደሚሆን፣ ዋስዎ እስከ ምን ድረስ እንደሚጠየቅ ተጽፏል። የሰበሰቡት መረጃ የማን እንደሆነ፣ ይዘው መሄድ መቻል አለመቻልዎንም ከመሄድዎ በፊት ከዩኒቨርሲቲው የምርምር ቢሮ ጋር በጽሑፍ ይጨርሱ፤ አውሮፕላን ላይ ከወጡ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ መልሱ ይዘገያል።

9. የማዕረግ ፋይል

በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን እድገት የሚታየው በአራት ነገር ነው፤ በማስተማር ብቃት፣ በታተመ ሥራ፣ በዩኒቨርሲቲው ጉዳዮች በሚደረግ ተሳትፎና በማኅበረሰብ አገልግሎት። ማስረጃው ሁሉ በወረቀት ነው። የተማሪ ግምገማ፣ የኮሚቴ ምደባ ደብዳቤ፣ የጽሑፍ መቀበያ፣ በዳንግላ ለመምህራን የሰጡት የኮምፒውተር ሥልጠና ማረጋገጫ፣ በየተሠራበት ወር ይጠየቅ። ኃላፊው ከተቀየረ በኋላ "ያኔ ሠርቻለሁ" ቢሉ የሚያስታውስ አይገኝም። እያንዳንዱን ስካን አድርገው በቀን ቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ ዋናውን ቢሮ አይተዉ፣ ቤትዎ ይኑር።